የንቦቹን ጤና የጠየቅንበት ክረምት

ሰላምታ ቀላል ነገር የሚመስለው ወለጋን ያላየ ሰው ነው። እንዲህ ያለው ሰው ሁለት መንገደኞች ተገናኝተው «እንዴት ነህ?» «ደህና» ተባብለው ቢለያዩ ሰላም የተባባሉ ይመስለዋል። በእኛ ዘንድ ይህ ሰላምታ አይደለም፤ ይህ ግጭት ነው። በእኛ ዘንድ ሰው ከሰው ሲገናኝ ቆም ይላል፣ ጃንጥላውን መሬት ላይ ይተክላል፣ ከዚያ «አካም ቡልቴ?» እንዴት አደርክ ይላል፤ «ነጋ? ፈያ?» ሰላም ነህ? ጤና ነህ? ይላል፤ ሚስት ትጠየቃለች፣ ልጆች ከነስማቸው ይጠየቃሉ፣ ከልጆች ላሞች፣ ከላሞች ጥጆች፣ ከጥጆች በቆሎው፣ ከበቆሎው ደግሞ በቆሎውን የሚሰርቀው ጦጣ ሳይቀር ደህንነቱ ይጣራል። አንድ ጊዜ ከአኖ የመጣ የጭነት መኪና ሾፌር፣ ረዳቱ ከአክስቱ ልጅ ጋር ሰላምታ ሲጀምር «አሁን ይጨርሳል» ብሎ ሞተሩን ሳያጠፋ ቢጠብቅ ነዳጁ አለቀበት። ነዳጅ ተፈልጎ መጥቶ መኪናው ሲነሣ፣ ከጎማው ሥር የበቀለውን ጎመን ነቅለው ምሳ ሠሩበት። እኔ የማጋንን ሰው አይደለሁም። ጎመኑን በልቻለሁ።

እናንተ የዛሬ ሰዎች የርዳታ ገንዘብ የሚገኘው ጥናት ቀርቦ፣ ማኅተም ተመትቶ፣ ደጅ ተጠንቶ ነው ትላላችሁ። እውነታችሁን ነው። እኛ ግን በጃንሆይ ዘመን አንድ ጊዜ የርዳታ ገንዘብ በሰላምታ አግኝተናል። ሰላም ያልነው ደግሞ ሹሙን አይደለም።

ንቦቹን ነው።

ያን ጊዜ ልብስ ሰፊ ነበርኩ። ከነቀምት ወደ አርጆ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ በወልዴ ሱቅ በረንዳ ላይ መኪናዬን ዘርግቼ እውላለሁ። የልብስ ሰፊን ኑሮ ታውቁት እንደሆነ፣ እግሩ ሥራ ላይ ነው፣ እጁ ሥራ ላይ ነው፤ ጆሮው ግን ሥራ ፈት ነው። ስለዚህ በሰፈሩ የሚወራው ነገር ሁሉ መጀመሪያ በእኔ መርፌ ቀዳዳ አልፎ ነው ወደ ሌላው የሚደርሰው። ባለ ሱቁ ወልዴ ደግሞ በልጅነቱ ከጉራጌ አገር መጥቶ እዚያው የጎረመሰ፣ ከጨውና ከላምባ ሌላ ቋንቋም የሚሸጥ ሰው ነበር። ኦሮምኛውን ሲናገር የአገሬው ሽማግሌዎች ይቀኑበታል። አማርኛውን ሲናገር እኔ፣ የጎጃም ሰው ልጅ፣ አቀርቅሬ እሰፋለሁ። ከውጭ የመጣ ሹም ንግግር ሲኖረው አስተርጓሚው ሁልጊዜ ወልዴ ነው፤ ደመወዙም ንግግሩ ካለቀ በኋላ ሕዝቡ ስኳር ሳይገዛ እንዳይሄድ ማድረጉ ነበር።

በዚያ ዓመት ንቦቻችን ታመው ነበር። የበሽታውን ስም አናውቅም፤ የምናውቀው ማር ሲጠበቅ ትል እንደሚወጣ፣ ትናንት ይጮህ የነበረው ቀፎ ዛሬ ዝም እንደሚል ነው። የንብ ቀፎ ዝም ሲል እንዴት እንደሚያስፈራ ቀፎ የሌለው ሰው አይገባውም። ሰፈራችን ደግሞ ያለ ማር ሰፈር አይደለም። የኦርቶዶክሱ ሰው ጠጁን፣ የሚሲዮኑ ሰው ብርዙን፣ ሁለቱም ሳል ሲይዛቸው ወለላውን የሚያገኙት ከዚያው ከጓሯቸው ነው። ልጅ የሚዳረው በማር፣ እንግዳ የሚከበረው በማር፣ ግብር እንኳ ሲደርስ የሚሸጠው ማር ነው።

ክረምቱ ሊገባ ሲል አንድ የእርሻ ሹም ከአዲስ አበባ መጡ። አቶ ተፈራ ይባላሉ፤ ጭቃ የነካው ቡትስ፣ ሳቂታ ፊት፣ ሰዓታቸውን ቶሎ ቶሎ የማየት ልማድ ነበራቸው። የሰፈሩ ባለ ቀፎ ሁሉ ከሱቁ ፊት ተሰበሰበ። እርሳቸውም እንዲህ አሉ፦

«ከባሕር ማዶ ያሉ ወዳጆች ለንብ ጤና የሚውል ገንዘብ ሰጥተዋል። ገንዘቡ ለአንድ ሰው አይሰጥም፤ ለሰፈር ነው። በአንድ ማኅበር ሁኑና የንቦቻችሁን ጤና በየቀኑ መርምሩ። ክረምቱ ሲወጣ ተመልሼ አያለሁ። ቀፎው ሁሉ ደህና ከሆነ አዳዲስ ቀፎም፣ የማር መጭመቂያም፣ የንብ ውኃ መጠጫም ይሠራላችኋል። አንድ የተበላሸ ቀፎ ወይም ከማኅበሩ ያፈነገጠ ባለ ቀፎ ካገኘሁ ግን ገንዘቡ ከወንዙ ማዶ ላለው ሰፈር ይሄዳል።»

ከወንዙ ማዶ! ይህንንስ ማንም ሳያስተረጉም ነው የገባው። ከወንዙ ማዶ ያሉ ሰዎች ምን እንደሆኑ ለእናንተ ለመንገር ጊዜ የለኝም፤ ብቻ እነርሱ ዘመናዊ ቀፎ አግኝተው እኛ ከምናይ ንቡ ዓይናችንን ቢነድፈን እንመርጥ ነበር።

ወልዴ ንግግሩን እንደ ውኃ እያፈሰሰ ተርጉሞ «መርምሩ» የምትለዋ ቃል ላይ ሲደርስ ቆመ። ለሱቅ የሚያስፈልገውን ኦሮምኛ ሁሉ ያውቃል፤ መስፈሪያውን፣ መሐላውን፣ ዱቤ ክልክል መሆኑን። መመርመር የሚባለውን ግን አያውቀውም፤ በእርሱ ሱቅ ዕቃ መመርመር ስለማይፈቀድ ቃሉን የሚሰማበት አጋጣሚ አላገኘም። ጥቂት አሰበና ቅርብ የመሰለችውን ቃል አነሣ፦

«ፈያ ከኒሳ ኬሰኒ ጉያ ጉያን ጋፈዳ!» አለ።

የንቦቻችሁን ጤና በየቀኑ ጠይቁ ማለት ነው። በእኛ አገር ደግሞ ጤና መጠየቅ አንድ ነገር ብቻ ነው። ሰላም ማለት።

ይህን ስሰማ ስህተት ነው ብዬ የተነሣሁ እንዳይመስላችሁ። ከመሐላችን አንድም ሰው ስህተት አልመሰለውም። እንዲያውም ሕዝቡ ላይ የወረደው ሐፍረት ነው። ላሞቹን እንጠይቃለን፣ በቆሎውን እንጠይቃለን፣ ጦጣውን እንኳ እንጠይቃለን፤ ንቦቹን ግን? ኦቦ ዲንሳ የሚባሉ ቀጭን፣ ረጅም፣ ነገር ሲገባቸው ባርኔጣቸውን የሚያወልቁ ሰው ብድግ አሉና ባርኔጣቸውን አወለቁ።

«ማራቸውን ስንበላ ኖረን» አሉ፣ «ለካ አንድ ቀን እንዴት አደራችሁ ብለናቸው አናውቅም! ታዲያ ቢታመሙ ይፈረዳል? እኔም ብሆን እታመማለሁ!»

ሰዉ ሁሉ «ዱጋ! ዱጋ!» እውነት ነው፣ እውነት ነው አለ። በሌላው ጫፍ የተቀመጡት ኦቦ ገመቹም አጥብቀው ራሳቸውን ነቀነቁ። ወዲያው ግን የተናገረው ማን እንደሆነ ትዝ አላቸውና፣ መነቅነቁን አቋርጠው አንገታቸውን እንዳመመው ሰው ማሸት ጀመሩ።

እዚህ ላይ የሁለቱን ጠብ ማወቅ ይኖርባችኋል። ኦቦ ዲንሳና ኦቦ ገመቹ ጎረቤታሞች ናቸው፤ በመሬታቸው ድንበር ላይ፣ ልክ ከእኔ በረንዳ ፊት ለፊት፣ አንድ ትልቅ ዋንዛ አለ። ኦቦ ገመቹ ዋንዛው ላይ ባዶ ቀፎ ሰቀሉ። ከኦቦ ዲንሳ ጓሮ አንድ የንብ መንጋ ተነሣና ሰተት ብሎ እዚያ ባዶ ቀፎ ገባ። አበቃ። ቀፎው የገመቹ፣ ንቡ የዲንሳ። «ቀፎህን አውርደህ ንቤን መልስ» ይላሉ አንዱ። «ንብህን ጠርተህ ቀፎዬን ልቀቅ» ይላሉ ሌላው። ሽማግሌ ተቀመጠ። ሽማግሌዎቹ ራሳቸው ለሁለት ተከፍለው ተጣሉና እነርሱን ለማስታረቅ ሌላ ሽማግሌ ተፈለገ። በመጨረሻ ሁለቱ ሰዎች ሰላምታ ተከለካከሉ፤ በወለጋ ሰው ላይ ከዚህ የከፋ ፍርድ የለም። አብረው ያደጉ ሰዎች ናቸው። አሁን ግን መንገድ ላይ ሲገናኙ አንዱ ሰማዩን፣ አንዱ መሬቱን እያየ ያልፋል። በዚህ ምክንያት ኦቦ ዲንሳ ብዙ ጊዜ እንቅፋት መትቷቸዋል፤ ሰማዩን የሚያዩት እርሳቸው ነበሩ።

ክፋቱ ያ የዋንዛው ቀፎ ከሰፈሩ ሁሉ የደከመው መሆኑ ነው። አንዱ «ባለቤቱ እኔ ነኝ» ብሎ እንዳይጠግነው ሌላው ይጮሃል። ስለዚህ ጉንዳን ሲወርረው፣ ክዳኑ ሲበሰብስ ሁለቱም በየደጃቸው ቆመው ያያሉ። አሁን የሰፈሩ ሁሉ ርዳታ በዚያ በአንድ ቀፎ ላይ ተንጠለጠለ። ያ ቀፎ ከሞተ ከወንዙ ማዶ ያሉ ሰዎች ይስቃሉ።

በማግሥቱ ሰላምታው ተጀመረ።

እስቲ በዓይነ ኅሊናችሁ እዩት። ገና ጎሕ ሲቀድ በየጓሮው ጎልማሶች ባርኔጣቸውን አውልቀው፣ ነጠላቸውን አደግድገው ከቀፎ ፊት ቆመዋል። «አካም ቡልተን? ነጋ? ፈያ? ዝናቡ እንዴት ነው? ትናንት የሄዳችሁበት አበባ ተስማማችሁ?» በመንገዱ የሚያልፉ የመኪና መንገደኞች ዛፍ የምናመልክ መስሏቸው ያማትቡ ነበር። የእኔ ነገር ደግሞ ክርክር አስነሣ። እኔም አንዲት ቀፎ አለችኝ፤ በአማርኛ ሰላም ብላቸው ይሰማሉ ወይ ተባለ። የወለጋ አበባ የሚቀስም ንብ አማርኛ ከየት ያመጣል አሉ። ስለዚህ ለጥንቃቄ በሁለቱም ቋንቋ እላቸው ጀመር። ወልዴ ደግሞ ከእኔ ላለማነስ የራሱን ንቦች በጉራጊኛም ጨመረላቸው። የእርሱ ንቦች ከዚያ ወዲህ ወደ ገበያው አቅጣጫ ብቻ ይበሩ ነበር።

ግን አንድ ነገር ልብ በሉ። ሰላምታችን ረጅም ነው ብያችኋለሁ። ሰው ከአንድ ቀፎ ፊት ይህን ያህል ሲቆም አፉ ይሠራል እንጂ ዓይኑና እጁ ሥራ ፈት ናቸው። «ነጋ?» ሲል ጉንዳኑን ያያል፤ «ፈያ?» ሲል ያራግፈዋል። ላሞቹ ጋ ሲደርስ ከግንዱ ሥር ያለውን ሣር ነቅሏል፤ በቆሎው ጋ ሲደርስ አመድ ነስንሷል። እንግዳ ቤት ገብቶ ክዳኑ ሲያፈስ እያየ ዝም የሚል ሰው ደግሞ በእኛ ሰፈር አልተወለደም። ሁለት ሦስት ሳምንት ሳይሞላ ቀፎዎቹ መጮህ ጀመሩ። «መልስ እየሰጡ ነው!» ተባለ።

ዋንዛው ግን ችግር ነበር። ሰላም ማለት ባለቤትነት ነው ተብሎ ስለታመነ ኦቦ ዲንሳ ለዋንዛው ቀፎ ሰላምታ ሊያቀርቡ ሲሄዱ ኦቦ ገመቹ ሮጠው ደረሱ። አንዱ በግንዱ በዚህ ወገን፣ አንዱ በዚያ ወገን ቆሙ። ግንዱ ሰፊ ስለሆነ አይተያዩም። ኦቦ ዲንሳ በማርያም ስም ጀመሩ። ኦቦ ገመቹ የሚሲዮን ሰው ናቸውና መዝሙር አከሉበት። ማን አስረዝሞ ሰላም ይበል የሚል ውድድር ሆነ፤ አንድ ቀን ከጧት ጀምረው ምሳ በየሚስቶቻቸው እዚያው ድረስ መጥቶላቸዋል።

ከዚያ ደግሞ ነገሩ ሌላ መልክ ያዘ። የሚያውቁት ሰላምታ ሁሉ ሲያልቅባቸው ጊዜ፣ ኦቦ ገመቹ አንድ ቀን ጉሮሯቸውን ጠርገው፣

«ያ ከኒሳ» አሉ፣ እናንተ ንቦች ማለታቸው ነው፤ «የአንድ የማላውቀው ሰው በሬ ትናንት ጎመኔ ውስጥ ገብቶ ነበር። ሰውየውን ካገኛችሁት ንገሩልኝ።»

ከግንዱ ወዲያ የኦቦ ዲንሳ ድምፅ መጣ፦

«ንቦቼ፣ በሬው አጥሩ ቢኖር አይገባም ነበር በሉልኝ። አንዳንድ ሰው አጥሩን የሚያጥረው በመዝሙር ነው።»

«ንቦቼ፣ መዝሙር አጥር ባይሆን እንኳ ጾም በሬ አይጠብቅም በሉልኝ።»

እኔ በረንዳዬ ላይ መርፌው ጣቴ ውስጥ ገብቶ እንኳ አልተሰማኝም። ወልዴ ሱቁን ትቶ ወጥቶ፣ «ተናገሩ እኮ!» አለኝ በሹክሹክታ።

«አልተናገሩም» አልኩት። «ከንቦቹ ጋር ነው የሚያወሩት።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ በዋንዛው ሥር ያልተወራ ነገር የለም። የበሬው ጉዳይ አለቀ። የገበያ ዋጋ ተወራ። የአንዱ ልጅ ትምህርት ተነሣ፣ የሌላው ጉልበት ሕመም ተነሣ፤ «ንቦቼ፣ ለጉልበት ቅቤ ይታሻል በሉት።» አንድ ቀን ኦቦ ዲንሳ በንቦቹ በኩል ቀልድ ነገሩና ከግንዱ ወዲያ ሳቅ ፈነዳ። ኦቦ ገመቹ ወዲያው፣ «ንቦቼ፣ እኔ የሳቅኩት በሌላ ነገር ነው» ብለው አስተባበሉ። ቀፎውም ይህን ሁሉ ወሬ እየሰማ ዳነ። ክዳኑን አንዱ ከዚህ ወገን፣ አንዱ ከዚያ ወገን እየሸፈኑ፣ «ንቦቼ፣ በዚያኛው በኩል ትንሽ ቀዳዳ ቀርቷል» እየተባባሉ ነበር የጠገኑት።

ክረምቱ እየተገባደደ ኦቦ ገመቹ ዘመድ ለመጠየቅ ወደ አንገር ቆላ ወረዱና ወባ ይዘው ተመለሱ። በማግሥቱ ከዋንዛው ሥር ኦቦ ዲንሳ ብቻቸውን ቆሙ። ሰላም አሉ። ጠበቁ። ከግንዱ ወዲያ መልስ የለም።

«ንቦቼ» አሉ ቀስ ብለው፣ «ዛሬ ጸጥ አላችሁሳ።»

በሚቀጥለው ቀንም እንዲሁ። ከዚያ ምን እንዳደረጉ በዓይኔ ያየሁትን ልንገራችሁ። የራሳቸውን ሰላምታ ጨረሱ፣ ግራ ቀኝ አዩ፣ ከዚያ በግንዱ ዞረው በኦቦ ገመቹ ቦታ ቆሙ። ድምፃቸውን አወፍረው በኦቦ ገመቹ አነጋገር ሰላም ማለት ጀመሩ። ቀፎው የአንዱ ሰላምታ ጎድሎበት እንዳይታመም ነው። መዝሙር ላይ ሲደርሱ ግን ተቸገሩ፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ ቅዳሴ እንጂ የሚሲዮን መዝሙር አፋቸው ገብቶ አያውቅም። ዜማውን በአፍንጫቸው አንጎራጎሩት። ንቦቹ ያን ጊዜ ዝም ብለው አዳመጡ። እኔ ባጋንንም በዚህ አላጋንንም።

በሦስተኛው ቀን ከዋንዛው ተነሥተው ቀጥ ብለው ወደ ኦቦ ገመቹ ደጃፍ ሄዱ። እኔም የተሰፋ ሱሪ የማደርስ መስዬ ተከተልኩ። ሱሪው የእነርሱ አልነበረም። የኦቦ ገመቹ ሚስት አዴ ጫልቱ በሩን ከፍተው ሲያዩአቸው እጃቸው አፋቸው ላይ ሄደ።

«ኦቦ ዲንሳ! ዛሬ ፀሐይ በየት ወጣች? ይግቡ እንጂ!»

«እኔ አልመጣሁም» አሉ ኦቦ ዲንሳ ሰማዩን እያዩ። «ንቦቹ ልከውኝ ነው።»

አዴ ጫልቱ ነገሩ ወዲያው ገባቸው። ሳቃቸውን ውጠው፣ «ምን አሉ ንቦቹ?» አሉ።

«‹ያ ሌላው ለፍላፊ የት ጠፋብን?› አሉ።»

ከውስጥ ከአልጋው ላይ የሚንቀጠቀጥ ድምፅ መጣ፦ «ጫልቱ! ለመልእክተኛው ንገሪው፤ ገመቹ ፈያ ነው፣ ትንሽ ብርድ ብርድ ብሎት ነው በይው።»

«አዴ ጫልቱ፣ ንቦቹ ‹ውሸቱን ነው፣ ጥርሱ ሲንገጫገጭ ዋንዛው ድረስ ይሰማል› ብለዋል። ይኸው ፌጦም ልከዋል።» ከጋቢያቸው ሥር ትንሽ ቋጠሮ አወጡ።

«ንብ ፌጦ ከየት አመጣች?» አለ ድምፁ።

«ዘንድሮ ንብ የማታደርገው ነገር አለ?»

መጀመሪያ አልጋው ተንቋቋ። ከዚያ ሳቁ መጣ፤ የወባ ሳቅ፣ ከሳል ጋር የተቀላቀለ። ኦቦ ዲንሳም ሰማዩን ማየት ትተው ጎንበስ ብለው ገቡ። ያን ዕለት የተጠያየቁት ሰላምታ የሁለት ዓመት ውዝፍ ያለበት ነበር። ስንት እንደፈጀ አልነግራችሁም፤ ሱሪውን ይዤ ቆሜ የሱሪው ባለቤት አድጎ ሱሪው አጥሮት አገኘሁት።

መስከረም ጠባ፤ ኬሎው፣ እናንተ አደይ የምትሉት፣ ሜዳውን አለበሰው። አቶ ተፈራ መጡ። በየጓሮው ዞሩ። እያንዳንዱን ቀፎ ጆሯቸውን አስጠግተው ሰሙ፣ አሸተቱ፣ ከሥር አዩ። ጉንዳን የለም። ትል የለም። ሰዓታቸውን ማየት ረሱ።

«ድንቅ ነው!» አሉ። «በምን መረመራችኋቸው?»

ወልዴ ተረጎመ፦ በምን ጠየቃችኋቸው?

«በአፋችን!» አለ ማኅበሩ በአንድ ድምፅ።

«በአፋችን ይላሉ፣ ጌታዬ።»

አቶ ተፈራ ዓይናቸው ፈጠጠ። «ቀፎውን... ይልሱታል?»

ወልዴ ይህንንም ተረጎመ። ሰዉ ተቆጣ። ማር ሌባ ነን ወይ ተባለ። ኦቦ ዲንሳ ብድግ ብለው ባርኔጣቸውን አወለቁና ለእንግዳው እንዲታያቸው ለአንድ ቀፎ ሙሉ ሰላምታ አቀረቡ፤ ከዝናቡ እስከ ጦጣው። አቶ ተፈራም ሲያዩ ሲያዩ ነገሩ ቀስ እያለ ገባቸው። ወደ ወልዴ ዞሩ። ወልዴ ሰማዩን አየ። ከዚያ ሹሙ ሣሩ ላይ ቁጭ ብለው እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ።

እኛ ልባችን ተሰቀለ። ገንዘቡ ወንዙን ሲሻገር ታየን።

ዓይናቸውን ጠረጉና፣ «የመጣሁት ቀፎ ለማየት ነው» አሉ። «ቀፎው ደህና ነው። በቃሉ ንቦቹ ካልተቀየሙ እኔ ምን አገባኝ?»

እልልታው እስከ ወንዙ ማዶ ተሰማ። እንዲሰማ ነው እልል ያልነው።

የቀረው አንድ ነገር ነበር። አቶ ተፈራ ቀለምና ቡሩሽ ይዘው በየቀፎው ላይ የባለቤቱን ስም እየጻፉ ዋንዛው ጋ ደረሱ። ያ ቀፎ ከሁሉ በልጦ ይጮሃል። መሰላሉ ላይ ወጡና ቡሩሹን ነክረው፣ «ይህስ የማን ነው?» አሉ።

ሁለት ዓመት ሽማግሌ ያልፈታውን ነገር ሹሙ በአንድ ቡሩሽ ነካኩት። ባለቤት የሌለው ቀፎ ደግሞ ከማኅበሩ የወጣ ቀፎ ነው። አዴ ጫልቱ የነጠላቸውን ጫፍ ነከሱ።

«የገመቹ ነው» አሉ ኦቦ ዲንሳ። «ቀፎውን የሰቀለው እሱ ነው።»

እፎይ ልንል ነበር።

«ውሸቱን ነው!» ብለው ኦቦ ገመቹ ዘለው ተነሡ። «የዲንሳ ነው! ንቡ ከየት መጣና?»

«እኔ የሰው ቀፎ አልወስድም!»

«እኔስ የሰው ንብ እወስዳለሁ? ሌባ ልታደርገኝ ነው?»

«ያንተ ነው አልኩህ!»

«አንተ ነህ ባለቤቱ፣ ግትር!»

በእግዜር! ያ ሁሉ ሰላምታ፣ ያ ሁሉ ፌጦ፣ እንደገና በትር ሊማዘዙ ሆነ። ድሮ «የእኔ ነው» እየተባባሉ የተጣሉት ጠብ «ያንተ ነው» በሚል ተገልብጦ መጣ፤ ቁጣው ግን ያው፣ እንዲያውም የባሰ ነው። ሰው ሊሰጥ ሲፈልግና እንቢ ሲባል እንዴት እንደሚናደድ ታውቁታላችሁ። አቶ ተፈራ መሰላሉ ላይ እንዳሉ፣ ቀለሙ በቡትሳቸው ላይ እየተንጠባጠበ፣ ወደ ወልዴ አዩ።

«ምንድን ነው የሚሉት? የማን ነው?»

ወልዴ ሁለቱን ሰዎች አየ። ቀፎውን አየ። እኔንም አየኝ፤ እኔ ትከሻዬን ነቀነቅኩ። በዚያ አፉ፣ «መርምሩ»ን መተርጎም ባቃተው አፉ፣ ጉሮሮውን ጠርጎ እንዲህ አለ፦

«የንቦቹ ነው ይላሉ፣ ጌታዬ።»

አቶ ተፈራ ትንሽ አሰቡ፤ ከዚያ «የንቦቹ» ብለው ጻፉበት። ሁለቱ ባላጋራዎች አማርኛ መስማትም ማንበብም ስለማይችሉ እያንዳንዳቸው የሌላው ስም የተጻፈ መስሏቸው ረክተው ቁጭ አሉ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ማንም አልነገራቸውም። ልብስ ሰፊ ምስጢር አይጠብቅም የሚል ካለ ይህን ይስማ።

ርዳታው መጣ። ሣጥን ቀፎዎች መጡ፤ በአንዳንዱ ንብ ገባ፣ በአንዳንዱ ዶሮ ታቀፈች። መጭመቂያው ብዙ ዘመን አገለገለ። የውኃ መጠጫውን ንቦቹና የሰፈሩ ጥጆች ተካፈሉት። ገንዘቡም የገንዘብ ነገር ነውና አለቀ። የዋንዛውን ማር ግን በየዓመቱ ኦቦ ዲንሳ ቆርጠው ለኦቦ ገመቹ፣ ኦቦ ገመቹ መልሰው ለኦቦ ዲንሳ ሲልኩት፣ መንገዱ በእኔ በረንዳ ፊት ስለሆነ፣ በየምልልሱ ትንሽ ትንሽ እየተቀነሰ መጨረሻ ላይ አብዛኛው የት እንደሚገባ ማንም አልደረሰበትም። እኔ ግን በዚያ ዘመን ሳል ይዞኝ አያውቅም።

ሁለቱ ሰዎች ሽበት እስኪወርሳቸው፣ እጅ ለእጅ ተያይዘው በሚሄዱበት ጊዜ እንኳ፣ ከባድ ነገር ለመናገር ሲፈልጉ ዋንዛው ሥር ሄደው በግንዱ ወዲህና ወዲያ ይቆሙ ነበር። ፊት ለፊት የማይነገር ነገር በንብ በኩል ይቀላል።

እናንተም ዛሬ ከጎረቤታችሁ ጋር ተኮራርፋችሁ እንደሆነ፣ ሄዳችሁ ይቅርታ በሉ ብዬ አላስቸግራችሁም፤ ያ ከባድ ነው፣ እኔም አይሆንልኝም። ነገ ጧት በአጥሩ ላይ አንገታችሁን ብቅ አድርጉና የንቦቹን ጤና ጠይቁ።

ንብ ከሌለው ውሻውም ይበቃል።